የእናቴ አደይ እና የእኔ ጉዝጓዝ

አምና ጳጉሜን ላይ የሰፈራችን ልጃገረዶች እንደ ልማዳቸው እንግጫ ነቅለው ሲመለሱ በራችንን አንኳኩ። ጎጃም ያደገ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ለማያውቅ ደግሞ፦ እንቁጣጣሽ ሲቃረብ ልጃገረዶች እንግጫ የሚባለውን ሣር እየዘፈኑ ከመስክ ይነቅላሉ፣ ከአደይ አበባ ጋርም ይጎነጉኑታል። እኛ ሰፈር ያሉት ልጆች አደዩን ከድሮም የሚወስዱት ከእናቴ አጥር ሥር ነው። ማንም ያልተከለው፣ ማንም ውኃ ያላጠጣው፣ በየዓመቱ በራሱ ጊዜ ብቅ የሚል አደይ ነበር።

አምና ግን አልነበረም። አንድም! ልጆቹ አጥሩን ከዳር እስከ ዳር አዩ፣ ከዚያ እናቴን አዩ። እናቴ ደግሞ እኔን አየችኝ። "ሌላ ቦታ ፈልጉ የኔ ልጆች፣ ዘንድሮ እኛ ቤት አልበቀለም" ብላ ሸኘቻቸው። ለእኔ ምንም አላለችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር፤ አደዩን ያጠፋሁት እኔ ነኛ።

ይህ ጽሑፍ ስለ አበባ መደብ አሠራር ነው። መሬቱ እንዴት እንደሚዘጋጅ፣ ምን መቼ እንደሚተከል፣ ጉዝጓዝ እንዴት እንደሚለብስ እነግራችኋለሁ። ግን ባለሙያ ነኝ ብዬ አይደለም። ሁለት ክረምት ተሳስቼ በሦስተኛው ያገኘሁትን ነው የማካፍላችሁ።

አበባ ይበላል ወይ?

የተመረቅኩት በኢኮኖሚክስ ነው። ሲቪዬን ይዤ ያላንኳኳሁት በር የለም ማለት ይቻላል፤ አልሆነም። ስለዚህ ቡሬ፣ እናቴ ቤት ተመለስኩ። ቡሬን ለማታውቁ፣ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከፍኖተ ሰላም ቀጥሎ የምትገኝ፣ የነቀምቴው መንገድ የሚገነጠልባት ከተማ ናት። አካባቢው በበቆሎና በበርበሬ ይታወቃል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ የተቀናጀ የግብርና ኢንዱስትሪ ፓርክና ትልቅ የዘይት ፋብሪካ አለ።

ሥራ የሌለው ሰው የሚተርፈው ነገር ጊዜ ነው። መንገድ ተዘግቶ በሚውልበት ቀን ደግሞ ከግቢ መውጣትም የለም። ስልኬ ላይ ኔት ባለበት ቀን የአበባ መደብ ቪዲዮዎችን አወርዳለሁ፣ ኔት በሌለበት ቀን ደጋግሜ አያለሁ። በቃ ልክፍት ሆነብኝ። አንድ የግንቦት ቀን እናቴን "ከአጥሩ ሥር ሦስት ሜትር በአንድ ሜትር ቦታ ስጪኝ፣ የአበባ መደብ ልሥራበት" አልኳት።

"አበባ ይበላል ወይ?" አለችኝ።

ልስቅ ነበር፣ ግን ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ክፍል ውስጥ ኦፖርቹኒቲ ኮስት ብለው ያስተማሩን እሱን ነው። አንድ ነገር ስትመርጡ የተዋችሁት ሌላው ነገር ዋጋ ማለት ነው። እናቴ ቃሉን ሰምታው አታውቅም፣ ሒሳቡን ግን ከእኔ በላይ ትሠራዋለች። በሦስት ካሬ ሜትር ላይ ጎመን ይቀጠፋል፣ በርበሬ ይለቀማል። የከብት እበት ኩበት ሆኖ ይነዳል። የበቆሎ አገዳ ይማገዳል። የጤፍ ጭድ ላም ይበላዋል፣ ካልተበላም ለቤት ምርጊት ጭቃ ይቦካበታል። ቪዲዮው ላይ ያለው ሰውዬ "ትንሽ ፍግ፣ ትንሽ ጭድ ጨምሩ" ሲል የሚያወራው ባለቤት ስለሌለው ነገር ነው። እኛ ጋ ግን ሁሉም ነገር ባለቤት አለው።

የሚገርመው፣ አገራችን የተቆረጠ አበባ ወደ ውጭ በመላክ ከአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ ሁለተኛ ናት። ከ2016 ወዲህ ደግሞ የኮሪደር ልማት በደረሰባቸው ከተሞች የመንገዱ ዳር ሁሉ አበባ ሆኗል። ለአውሮፓ ገበያና ለመንገድ ዳር ሲሆን አበባ ይበላል ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ለራሳችን ግቢ ሲሆን ነው ጥያቄው የሚመጣው።

እናቴ ትንሽ አሰበችና ከጎመኑ ራቅ ብሎ፣ አጥሩ ሥር ያለውን ጠጠራማ ቦታ ሰጠችኝ። "ብቻ አደዬን እንዳትነካብኝ" አለች። እሺ አልኩ። ግንቦት ላይ ግን አደይ የሚባል ነገር አይታይም፤ የደረቀ መሬት ነው። የማላየውን ነገር ላልነካ ቃል ገባሁ ማለት ነው።

አንደኛ ክረምት፦ ጉድጓድ መደብ አይደለም

የመጀመሪያው ስህተቴ ይሄ ነው። ቪዲዮው እንዳለው ግማሽ ሜትር የሚጠልቅ ጉድጓድ ቆፈርኩ፣ ውስጡን በለስላሳ ኮምፖስት ሞላሁ፣ ከችግኝ ጣቢያ የገዛኋቸውን ሦስት ጽጌረዳዎች ተከልኩ። ሰኔን አማረባቸው። ሐምሌ ሲጋመስ ቅጠላቸው ቢጫ ሆነ። ነሐሴ ላይ ሁለቱን ስነቅላቸው ሥራቸው ጠቁሮ ይሸታል።

ምን ሆነ? የእኛ ቀይ አፈር ሸክላነት አለው። ሸክላ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ ለስላሳ አፈር መሙላት ማለት ገንዳ ሠርቶ መሃሉ ላይ ስፖንጅ ማስቀመጥ ማለት ነው። ውኃው ከየአቅጣጫው ወደ ለስላሳው አፈር ይገባል፣ መውጫ ግን የለውም። የተክል ሥር ደግሞ እንደኛው አየር ይፈልጋል፤ ውኃ ውስጥ ተዘፍቆ ሲከርም ታፍኖ ይበሰብሳል።

ሒሳቡን እንሥራው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲዘንብ አንድ ሊትር ውኃ ነው። እኛ አካባቢ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል። ስለዚህ የእኔ ሦስት ካሬ ሜትር በዓመት ከ3,000 ሊትር በላይ፣ ማለትም ከ150 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በላይ ውኃ ከሰማይ ይወርድበታል። አብዛኛው የሚመጣው ደግሞ ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው። እኔ ያንን ሁሉ ውኃ የሚያጠራቅም ገንዳ ነው የሠራሁት።

ጎረቤታችን፣ አያ ብለን የምንጠራቸው አዛውንት ገበሬ፣ በአጥሩ ላይ ሆነው የደረቀውን ጽጌረዳዬን አዩት። "አይ ልጄ፣ በርበሬ እንኳ ውኃ በተኛበት አይተከልም" አሉኝ። ስድሳ ዓመት የተሠራበት እውቀት ከአጥሩ ማዶ እያለልኝ እኔ ስልኬን ስጠይቅ ነበር።

ስለዚህ ዶማ ከማንሳታችሁ በፊት ሁለት ሙከራ አድርጉ። ሁለቱም ገንዘብ አይጠይቁም።

የመጀመሪያው የሃይላንድ ፈተና ነው። ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ሲሶውን በአፈር ሙሉ፣ ውኃ ጨምራችሁ በደንብ በጥብጡና አስቀምጡት። አሸዋው በደቂቃ ውስጥ ከታች ይቀመጣል። ደቃቁ አፈር በሰዓታት ውስጥ በላዩ ይነጠፋል። ሸክላው ግን አንድ ቀንና ከዚያ በላይ ውኃውን አደፍርሶ ይቆያል። ላይኛው ንጣፍ ወፍራም ከሆነ አፈራችሁ ሸክላ ነው ማለት ነው።

ሁለተኛው የጉድጓድ ፈተና ነው። ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ቆፍራችሁ ውኃ ሙሉ። ሰርጎ ሲያልቅ እንደገና ሙሉት። ሁለተኛው ውኃ አድሮ እንኳ ካልሰረገ እዚያ ቦታ ላይ ወደ ታች አትቆፍሩ፣ ወደ ላይ ከፍ አድርጉ።

ወደ ላይ ማለት መደብ ማለት ነው። መሬቱን አንድ አካፋ ያህል ብቻ አላሉት፣ ከዙሪያው ቦይ አውጡና የቦዩን አፈር መሃል ላይ ከምሩት። መደቡ ከመተላለፊያው ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ወርዱ ከ1 ሜትር እስከ 1.2 ሜትር ቢሆን ከሁለቱም ጎን ሆናችሁ እጃችሁ መሃሉ ድረስ ይደርሳል። እንደኔ አንዱ ጎኑ አጥር ከሆነ ግን ከአንድ ሜትር አትለፉ። ዋናው ነገር መደቡን አለመርገጥ ነው። የተረገጠ ሸክላ ጡብ ነው። ዳርና ዳሩን በድንጋይ ክበቡት፤ ድንጋይ እኛ ጋ ሞልቷል፣ በነፃ ነው።

አፈሩ ሲጣበቅም አትቆፍሩ። አንድ ጭብጥ አንሱና ጨብጡት። እንደ ሊጥ ከተድቦለቦለ ሁለት ቀን ጠብቁ። በጣት ስትነኩት ከተፈረፈረ ጊዜው ደርሷል።

ማንም የማይፈልገውን ፈልጉ

ሁለተኛው ጉዳይ ምግብ ነው። የምዕራብ ጎጃም ቀይ አፈር ብዙው አሲዳማ ነው። ለዘመናት የዘነበው ዝናብ ካልሲየምና ማግኒዥየም የመሳሰሉትን ንጥረ ነገሮች አጥቦ ወስዷቸዋል። የግብርና ባለሙያዎች ለገበሬው ኖራ ተጠቀሙ የሚሉት ለዚህ ነው። ይሄ የገበሬ ብቻ ጉዳይ አይደለም፣ አበባችሁም የሚያድገው እዚያው አፈር ላይ ነው። ሃይድራንጂያ የሚባለውን አበባ የምታውቁት ካላችሁ፣ አሲዳማ አፈር ላይ ሰማያዊ፣ አሲድ በሌለው አፈር ላይ ደግሞ ሮዝ ያብባል። አፈሩን የሚመረምር አበባ በሉት።

ለግቢ የሚሆነው ቀላል መፍትሔ የምድጃ አመድ ነው። በካሬ ሜትር ሁለት እፍኝ ያህል፣ በዓመት አንዴ፣ ከአፈሩ ጋር ቀላቅሉት። ከዚያ በላይ አታብዙ። አመድና ትኩስ እበትን፣ ወይም አመድና ዩሪያን በአንድ ቀን አትቀላቅሉ። ናይትሮጅኑ አሞኒያ ሆኖ ይተንና ያመልጣል። አፍንጫን የሚሰነፍጠው ሽታ የሚበር ማዳበሪያ ሽታ ነው።

ፍጉስ? እናቴ ኩበቷን አትሰጠኝም፣ ትክክልም ናት። አያ ግን መላ ነገሩኝ። የበረት ጥራጊ፣ ማለትም ከጭቃና ከሽንት ተቀላቅሎ ኩበት ሆኖ ሊጠፈጠፍ የማይችለውን፣ ሰው አውጥቶ ይደፋዋል። እሱን ለመንኩ። ላይ የቡና አተላ፣ የአትክልት ልጣጭና የረገፈ ቅጠል እየጨመርኩ ጥግ ላይ ከመርኩት፣ በየሁለት ሳምንቱ አገላበጥኩት። ከሦስት ወር በላይ ፈጀብኝ። ሲደርስ ታውቁታላችሁ፦ እጅ ሲገባበት አይሞቅም፣ አይሸትም፣ እንደ ጥሩ አፈር ይፈረፈራል። ያልበሰለ ፍግ ግን ሥር ያቃጥላል፣ የአረም ዘርም ይዞ ይመጣል።

ምን ያህል ያስፈልጋል? በመደቡ ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይበቃል። ለሦስት ካሬ ሜትር ስታባዙት 150 ሊትር ነው፤ ሰባት ጀሪካን ተኩል። ይህን አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። እኔ መጀመሪያ ሁለት ጀሪካን በትኜ "ጨረስኩ" ብዬ ነበር።

ከዚህ የተማርኩት፣ እንደ ኢኮኖሚስት ካያችሁት፣ አንድ ነገር ነው። ሁሉም ነገር ባለቤት ባለው ቤት ውስጥ አበባ ለመትከል ማንም የማይሻማበትን ነገር መፈለግ ነው። ጥራጊ፣ ድንጋይ፣ አተላ፣ ጠጠራማ ጥግ። የሰው ኩበት ላይ ካንዣበባችሁ ግን አበባችሁ ዋጋው ውድ ነው፣ የምትከፍለውም እናታችሁ ናት።

ተከላ፦ ገንዘብ ሳይሆን ጎረቤት

ለተከላ ጥሩው ጊዜ ዝናቡ ከያዘ በኋላ፣ ሰኔ ላይ ነው። ቀኑ ደመናማ ይሁን፣ ካልሆነም ወደ አመሻሽ ትከሉ። ችግኙን ከፕላስቲኩ አውጡት (ከነፕላስቲኩ የሚተክል ሰው በዓይኔ አይቻለሁ)። ፕላስቲኩ ውስጥ በነበረበት ልክ እንጂ ከዚያ በላይ አትቅበሩት። ዙሪያውን በእጅ ጫን ጫን አድርጉና አጠጡት።

ችግኝ መግዛት ግን ግድ አይደለም። ጀራኒየም ከቅርንጫፉ ተቆርጦ፣ ቁስሉ እስኪደርቅ አንድ ቀን ተቀምጦ ሲተከል ይይዛል። ጽጌረዳም እርሳስ የሚያክል ውፍረትና 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ቁራጭ፣ የታችኛው ቅጠሉ ተራግፎ ግማሹ ጥላ ቦታ አፈር ውስጥ ሲገባ ሥር ያወጣል። ሁሉም አይይዝም፣ ስለዚህ ሦስት ከፈለጋችሁ ስምንት ትከሉ። ዳሊያ ከሥሩ ድንች መሳይ ነገር ያወጣል፤ እሱን ከጎረቤት ለምኑ። ማሪጎልድ ከደረቀ አበባው ዘር ይሰጣችኋል። ርቀቱን ደግሞ አትሰስቱ፦ ጽጌረዳ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ጀራኒየም 30፣ ማሪጎልድ ከ20 እስከ 25። ረዥሙን ከአጥሩ በኩል፣ አጭሩን ከፊት።

የፊቱን ጠርዝ ለእናቴ ጥያቄ መልስ አደረግኩት። ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ የጥብስ ቅጠል፣ ጥጉ ላይ ጠጅ ሣር። የመጀመሪያዋን የጤና አዳም ዘለላ ቀጥፌ ከቡናው ረከቦት አጠገብ ሳስቀምጥላት "ይሄስ ይበላል" አለች። ለሁለት ዓመት የተከራከርኩትን አንድ ዘለላ አሸነፈልኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። ግቢያችን ውስጥ "የእኛ" የምንላቸው አበቦች አብዛኞቹ እንግዶች ናቸው። ማሪጎልድና ዳሊያ የመጡት ከሜክሲኮ ነው። ጀራኒየም የደቡብ አፍሪካ ነው። ካላ የሚባለው ነጭ አበባ በሳይንሳዊ ስሙ ላይ "ኢትዮጲካ" የሚል ቃል አለበት፣ አገሩ ግን እሱም ደቡባዊ አፍሪካ ነው። የእኛው የሆነው ቀጋ ነው፤ ልጅ ሆነን ፍሬውን የበላነው፣ እሾሁ የቧጨረን ቀጋ አገር በቀል ጽጌረዳ ነው። ለአጥር ከሱ የተሻለ የለም። ሌላው የእኛው ደግሞ አደይ ነው። እሱን ምን እንዳደረግኩት አሁን እነግራችኋለሁ።

ሁለተኛ ክረምት፦ ጉዝጓዙ

ጉዝጓዝ የሚለውን ቃል ሁላችንም እናውቀዋለን። በዓል ሲሆን ወይም ቡና ሲፈላ ቤት ውስጥ የሚነሰነሰው ቄጠማ ነው። የግብርና ባለሙያዎችም የተክልን ሥር በሣር ወይም በጭድ መሸፈንን በዚሁ ቃል ይጠሩታል። ጥሩ ስም ነው፤ መሬቱን እንደ እንግዳ መቀበል ማለት ነው።

በሁለተኛው ዓመት መደቡን ከፍ አድርጌ ሠራሁ፣ ፍጉን ጨመርኩ፣ ተከልኩ። ከዚያ ቪዲዮው "አሥር ሳንቲ ሜትር ጉዝጓዝ አልብሱት፣ አረም አይበቅልባችሁም" አለኝ። ከአንድ ዘመዳችን ሁለት ኩንታል ማዳበሪያ ጆንያ ጭድ ተለምኜ፣ ሰኔ ላይ ከመተላለፊያው እስከ አጥሩ ሥር ድረስ አለበስኩት። ፎቶ አንስቼ ሁሉ ፖስት አድርጌያለሁ። ላይኩ ጥሩ ነበር።

ከዚያ ሦስት ነገር መጣ። መጀመሪያ ዶሮዎቹ መጡ። ጭድ ሥር ትል እንዳለ ዶሮ የሚነግረው አያስፈልገውም፤ ጫረው ጫረው መተላለፊያው ላይ በተኑት። ቀጥሎ ሐምሌ ላይ ጭዱ ውኃ ጠጥቶ ከግንዱ ጋር ተጣበቀ፤ የጀራኒየሞቹ አንገት በሰበሰ፣ ቀንድ አውጣ በሥሩ ተራባ። ሦስተኛውን ያወቅኩት ጳጉሜን ላይ ነው፣ ልጆቹ በሩን ሲያንኳኩ።

ነገሩ ቀላል ነው። ጉዝጓዝ አረም የሚከለክለው ብርሃን በመከልከልና ቡቃያን በማፈን ነው። የአደይ ዘር ትንሽ ነው። ባለፈው ዓመት ረግፎ መሬቱ ላይ ይተኛል፣ ክረምት ሲገባ ይበቅላል፣ መስከረም ያብባል። አሥር ሳንቲ ሜትር እርጥብ ጭድ የሚበሳ ጉልበት የለውም። ጉዝጓዝ አረምንና አደይን ለይቶ አያውቅም። መለየት የነበረብኝ እኔ ነኝ፣ እኔ ደግሞ ግንቦት ላይ ያላየሁትን ነገር የለም ብዬ ቆጠርኩት።

ቪዲዮው አልዋሸም። የተሠራው ግን ክረምቱ በረዶ፣ በጋው ደረቅ ለሆነ አገር ነው። የእኛ የውኃ ችግር ሐምሌ ላይ አይደለም፤ ከጥቅምት መጨረሻ በኋላ ነው። ስለዚህ ለእኛ የሚሆነው ልክ፣ በኋላ እንደደረስኩበት፣ ይሄ ነው፦

በክረምት ጉዝጓዙ ስስ ይሁን፤ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር። ጥቅሙ የዝናቡ ጠብታ አፈሩን እንዳይቀጠቅጠውና እንዳያጥበው ነው። ራሱ የሚበቅል አበባ ያለበትን ቦታ ጨርሶ አትሸፍኑ።

ወፍራሙን ጉዝጓዝ መስከረም መጨረሻ ወይም ጥቅምት መጀመሪያ ላይ አልብሱ። መጀመሪያ አርሙ፣ መሬቱ ገና እርጥብ እያለ ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ንጠፉ። ደርቆ ካለፈ በኋላ መሸፈን ድርቀቱን መሸፈን ነው።

ከግንዱ ዙሪያ አንድ መዳፍ ያህል ባዶ ተዉ። መበስበስን ይከላከላል፣ ምስጥም ጭዱን ተከትሎ ግንዱ ላይ እንዳይወጣ ያግዛል።

ለዶሮ ደግሞ እሾሃማ ቅርንጫፍ ከላዩ አጋድሙበት። የቀጋ ቅርንጫፍ ለዚህ የተፈጠረ ነው።

ዘር ያፈራ ሣር አትጠቀሙ፣ ለሚቀጥለው ዓመት አረም መዝራት ነው። ሰርዶ አጠገቡ አይድረስ፣ ከደረቀ መሰለው ቁራጭ እንደገና ይነሳል። የባሕር ዛፍ እርጥብ ቅጠል ሌላውን ተክል ያጫጫል። ትኩስ ሣር በወፍራሙ ከተከመረ ይግላል፣ ይላቁጣል፤ አጠውልጋችሁ ተጠቀሙ። ጭድን ከአፈሩ ጋር አትቀላቅሉት፣ ሲበሰብስ የአፈሩን ናይትሮጅን ይሻማል፤ ላዩ ላይ ሲሆን ግን ችግር የለውም።

ጭዱ የላም ነው ብያለሁ፣ ታዲያ ከየት ይምጣ? አሁንም ማንም የማይፈልገውን ፈልጉ። ከእንቁጣጣሽና ከመስቀል ማግስት በየቤቱ የሚጠረገውን ቄጠማ አስቡት። ሰው ሁሉ በአንድ ቀን ያወጣዋል። እኔ ዘንድሮ ከአምስት ቤት ሰበሰብኩ። ቆርኪና የከረሜላ ላስቲክ መልቀም ነበረብኝ እንጂ ጉዝጓዙ ከእንግዳ ቤት ወደ መደብ ተዛወረ። ጊዜው ደግሞ ልክ ወፍራም ጉዝጓዝ በሚለብስበት ሰሞን ነው፤ የቀን መቁጠሪያው ራሱ ያሰበልን ይመስላል።

የጀሪካን ሒሳብ

ጉዝጓዝ ለምን አስፈለገ ለምትሉ ይቺን ሒሳብ እዩልኝ። በበጋ ፀሐይ ከመሬትና ከቅጠል የሚተነው ውኃ በግምት በቀን 4 ሚሊ ሜትር ነው ብንል፣ ለሦስት ካሬ ሜትር 12 ሊትር ይሆናል። መደቤ ባዶውን በነበረበት የመጀመሪያ በጋ በየሁለት ቀኑ አንድ ጀሪካን እሸከም ነበር። በስድስት ወር 90 ጀሪካን። ጉዝጓዝ በለበሰበት በጋ በየአራት ቀኑ አንድ ጀሪካን በቃኝ። 45 ጀሪካን። ሁሉም የጉዝጓዙ ሥራ ነው አልልም፣ ተክሎቹም ሥራቸው ጠልቆ ነበር። ግን ልዩነቱ ወገቤ ላይ ይታወቀኛል።

ይሄ ቁጥር ለምን ይጠቅማል መሰላችሁ? ቧንቧ በማይመጣበት ቀን ብዙ ቤት ውስጥ ውኃ የሚሸከመው አበባ ልትከል ያለው ልጅ አይደለም። እናት ናት፣ እህት ናት። እኔ ስፖስት እሷ እንድትሸከም ካደረግኩ ያ አበባ ውበት ሳይሆን ዕዳ ነው። ስለዚህ መደባችሁን የምትለኩት በግቢው ስፋት ሳይሆን ራሳችሁ በምትሸከሙት ጀሪካን ይሁን። ሦስት ካሬ ለእኔ ልክ ናት።

ሦስተኛ ክረምት

አምና ኅዳር ላይ ከአያ የልጅ ልጅ ጋር ከከተማው ወጣ ብለን ከመንገድ ዳር የደረቀ የአደይ ራስ ለቀምን። በወረቀት ከረጢት አስቀመጥኩት፣ በላስቲክ ቢሆን ይሻግት ነበር። ግንቦት መጨረሻ ላይ ከአጥሩ ሥር ያለውን ጭድ ሙሉ በሙሉ ጠርጌ አነሳሁ፣ መሬቱን በጣቴ ጫር ጫር አድርጌ ዘሩን ከአሸዋ ጋር ቀላቅዬ በተንኩት። አልሸፈንኩትም።

ሐምሌ ላይ መሬቱ አረንጓዴ ሆነ። ግን የቱ አረም፣ የቱ አደይ? ስልኬን አውጥቼ ፎቶ ላነሳ ስል እናቴ ከኋላዬ መጥታ ቁጢጥ አለች። "ይሄን ንቀል። ይሄን ተወው። ይሄንንም ተወው፣ አላየህም ቅጠሉ ስንጥቅጥቅ ያለ ነው" እያለች አንድ በአንድ አሳየችኝ። ግማሽ ሰዓት ያህል አብረን አረምን። ስለ አምናው ሁለታችንም አላነሳንም።

ዘንድሮ ጳጉሜን ላይ አደዩ ወጣ። እንደ ድሮው አጥሩን አልሞላውም፤ እዚህም እዚያም ነው፣ በመሃል ባዶ ቦታ አለ። ልጆቹ ሲመጡ እናቴ ራሷ ቀጠፈችላቸው። ሁሉንም ግን አልቀጠፈችም። አንዷ ልጅ "እታታ፣ ያንንም ስጪን" ስትላት፣ "እሱ ይቅር የኔ ልጅ፣ ለከርሞ ዘር ይሁን" አለቻት።

አሁን ጥቅምት ነው። ቄጠማውን አልብሼ ጨርሻለሁ። ከአጥሩ ሥር ያለችው አንድ ሜትር ግን ባዶዋን ናት፤ ላይዋ ላይ የደረቁ የአደይ ራሶች ቆመዋል። ትናንት የመጣ ጓደኛዬ "ይቺን ጥግ ረስተሃታል" አለኝ። አልረሳኋትም።